ዘርፈ ብዙ ድህነት እንዴት ይለካል? የሁለት አሃዞች ልዩነትና ለወረዳዎች ያለው ትርጉም

ደጋን፣ ደቡብ ወሎ፦ በ2008 ዓ.ም የኢትዮጵያን የድህነት መጠን የሚገልጹ ሁለት በእጅጉ የተራራቁ አሃዞች ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው በወቅቱ የብሔራዊ ፕላን ኮሚሽን ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ ከአገሪቱ ሕዝብ 23 ነጥብ 5 በመቶ የሚሆነው ከድህነት መስመር በታች እንደሚኖር ያመለክታል። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ከተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መረጃ የተሰላ ሲሆን፣ 83 ነጥብ 5 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ በዘርፈ ብዙ ድህነት ውስጥ እንደሚገኝ ይገልጻል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 60 መቶኛ ነጥብ ነው። ይህ ልዩነት በየመድረኩ ጥያቄ ሲያስነሳ ቆይቷል። ከሁለቱ አንዱ ስህተት መሆን አለበት የሚል አስተያየት ሲሰነዘርም ይደመጣል። ይሁን እንጂ ሁለቱም አሃዞች የራሳቸውን ጥያቄ በትክክል የመለሱ ናቸው። የሚለያዩት የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ በመሆኑ ነው። በፌዴራል፣ በክልልና በወረዳ ደረጃ ዕቅድ ለሚያዘጋጁ፣ በጀት ለሚያከፋፍሉና ተጠቃሚ ለሚመለምሉ የመንግሥት ሠራተኞች የአሃዞቹን አሠራር ማወቅ ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የፍጆታ መለኪያው አሠራር

የኢትዮጵያ መንግሥት ድህነትን በይፋ ሲለካ የቆየው በቤተሰብ ፍጆታ ላይ በተመሠረተ ዘዴ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መረጃ የቀድሞው የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በሚያካሂደው የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ይሰበሰባል። ጥናቱ በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም የተካሄደ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ምም ትግራይን ሳይጨምር ተከናውኗል።

የድህነት መስመሩ የሚሰላው በመሠረታዊ ፍላጎቶች ወጪ ነው። በቅድሚያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2 ሺህ 200 ኪሎ ካሎሪ እንዲያገኝ የሚያስችል፣ ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች የሚመገቡት የምግብ ዓይነት ተለይቶ በገበያ ዋጋ ይተመናል። ቀጥሎ ለልብስ፣ ለመጠለያ፣ ለሕክምናና ለመሳሰሉት የሚያስፈልገው ወጪ ይታከልበታል። በዚህ መሠረት በ1988 ዓ.ም የድህነት መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1 ሺህ 75 ብር የነበረ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም 3 ሺህ 781 ብር፣ በ2008 ዓ.ም ደግሞ 7 ሺህ 184 ብር ደርሷል። የመጨረሻው አሃዝ በጊዜው ዋጋ ለአንድ አዋቂ በቀን 20 ብር ገደማ ማለት ነው።

በዚህ መለኪያ መሠረት ከድህነት መስመር በታች የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ በ1988 ዓ.ም ከነበረበት 45 ነጥብ 5 በመቶ በ1992 ወደ 44 ነጥብ 2፣ በ1997 ወደ 38 ነጥብ 7፣ በ2003 ወደ 29 ነጥብ 6፣ በ2008 ደግሞ ወደ 23 ነጥብ 5 በመቶ ዝቅ ብሏል። በአማራ ክልል የ2003ቱ 30 ነጥብ 5 በመቶ በ2008 ዓ.ም 26 ነጥብ 1 በመቶ ሆኗል።

የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ለረጅም ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ሲሠራበት መቆየቱና ዓመትን ከዓመት ለማወዳደር ማስቻሉ ነው። ውስንነቱ ደግሞ ቤተሰቡ የበላውንና ያወጣውን እንጂ ያጣውን አገልግሎት አለማሳየቱ ነው። አንዲት እናት ውኃ ለመቅዳት የምትጓዘው ርቀት፣ አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት መግባት አለመግባቱ ወይም የአንድ ቤት ወለል አፈር መሆን አለመሆኑ በፍጆታ ሂሳብ ውስጥ አይታይም።

ከደሴ ገበያ የተገኘ ትምህርት

ድህነት በገበያ ከሚታየው በላይ ስፋት እንዳለው ለዓለም ካስገነዘቡት ማስረጃዎች አንዱ ከወሎ የተገኘ ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ በ1981 ባሳተሙት «ድህነትና ረሃቦች» በተሰኘ መጽሐፋቸው፣ በ1965 እና 1966 ዓ.ም በወሎ የደረሰውን ረሃብ መርምረዋል። ምሁሩ ያስተዋሉት ጉዳይ በወቅቱ የነበረውን ግምት የሚለውጥ ነበር። ረሃቡ በተባባሰበት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከተለመደው ብዙም አልናረም ነበር። ከወሎ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የሚጫን እህልም ነበር።

እህል በመንገዱ እያለፈ ሕዝቡ የተራበው እህል የማግኘት አቅሙን በማጣቱ ነው። አርሶ አደሩ ምርቱ ሲጠፋበት የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ከብቱን ቢያወጣም ዋጋው ይወድቅበታል። ገንዘብ የሌለው ፈላጊ ደግሞ በገበያ ዋጋ ላይ ጫና አያሳድርም። ስለዚህ ዋጋን ብቻ የሚመለከት ታዛቢ ችግሩን ሳያየው ያልፋል።

ሴን ከዚህና ከመሰል ጥናቶች ተነሥተው ያዳበሩት አስተሳሰብ፣ ድህነት የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሰው ሊሆንና ሊሠራ የሚገባውን ለመሆንና ለመሥራት አቅም ማጣቱ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ በ1998 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እኚህ ምሁር ያስተዋወቁት አስተሳሰብ ለሰብዓዊ ልማት መለኪያ፣ በኋላም ለዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ መሠረት ሆኗል።

አሥሩ አመልካቾች

በሥራ ላይ ያለው የስሌት ዘዴ የሳቢና አልካየርና የጄምስ ፎስተር ነው። ጄምስ ፎስተር በፍጆታ ላይ የተመሠረተውን ድህነት ጥልቀትና ክፋት ለመለካት የሚያገለግለውን ቀመር እ.ኤ.አ በ1984 ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር ያቀረቡ ምሁርም ናቸው። ዓለም አቀፉን የዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከልና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2010 ይፋ አድርገውታል።

መለኪያው ሦስት ዘርፎች አሉት። እነርሱም ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ደረጃ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ክብደት ይሰጣቸዋል።

በጤና ዘርፍ የሚታዩት የተመጣጠነ ምግብ እጥረትና የሕፃናት ሞት ናቸው። በትምህርት ዘርፍ ከቤተሰቡ አባላት ቢያንስ አንዱ ስድስት ዓመት መማሩና ለትምህርት የደረሱ ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸው ይታያል። የእነዚህ አራት አመልካቾች ክብደት እያንዳንዱ አንድ ስድስተኛ ነው።

በኑሮ ደረጃ ዘርፍ ስድስት አመልካቾች ይገኛሉ። የማብሰያ ማገዶ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የመጠጥ ውኃ፣ ኤሌክትሪክ፣ መኖሪያ ቤትና የቤት ንብረት ናቸው። የእያንዳንዱ ክብደት አንድ አሥራ ስምንተኛ ነው። በእንጨት፣ በኩበት ወይም በከሰል የሚያበስል ቤተሰብ በማገዶ ረገድ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ንጹሕ ውኃ ለማግኘት ደርሶ መልስ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚጓዝ በውኃ፣ መጸዳጃ ቤቱን ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋራ በመጸዳጃ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ደግሞ በመኖሪያ ቤት የተጎዳ ነው።

የአንድ ቤተሰብ ጉዳቶች ክብደት ተደምሮ አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ የዘርፈ ብዙ ድህነት ተጠቂ ተብለው ይመደባሉ።

ስሌቱ በሁለት ቤተሰቦች

አሠራሩን ግልጽ ለማድረግ ሁለት የምሳሌ ቤተሰቦችን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ቤተሰብ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የቃሉ ወረዳዋ ደጋን ዙሪያ ይኖራል እንበል። ቤተሰቡ ጥሩ የማሽላ ምርት አግኝቷል፤ ዓረብ አገር ከምትሠራ ልጁም ገንዘብ ይላክለታል። በመሆኑም ፍጆታው ከድህነት መስመር በላይ ነው። ልጆቹ ጤነኞችና ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ የቤተሰብ አባልም አለ። ነገር ግን የሚያበስለው በእንጨት ነው፤ የቤቱ ወለል አፈር ነው፤ ኤሌክትሪክ አልገባለትም፤ ውኃው ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ መጸዳጃ ጉድጓዱ ደረጃውን የጠበቀ አይደለም፤ በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ ከተጠቀሱት ዕቃዎች ያለው አንድ ስልክ ብቻ ነው። ይህ ቤተሰብ በስድስቱም የኑሮ ደረጃ አመልካቾች የተጎዳ በመሆኑ ድምሩ ስድስት አሥራ ስምንተኛ ወይም አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ስለዚህ በፍጆታ መለኪያ ድሃ ያልሆነው ቤተሰብ በዘርፈ ብዙ መለኪያ ድሃ ይባላል።

ሁለተኛው ቤተሰብ በኮምቦልቻ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖራል እንበል። ኤሌክትሪክና የቧንቧ ውኃ አለው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ቴሌቪዥንና ስልክ አለው፤ ልጆቹ ይማራሉ፤ ወላጆቹም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አጠናቀዋል። ሆኖም በከሰል ያበስላል፤ መጸዳጃ ቤቱን ከጎረቤቶች ጋር ይጋራል፤ አንዱ ሕፃን በምግብ እጥረት ተጎድቷል። ድምሩ አምስት አሥራ ስምንተኛ ስለሚሆን ከመቁረጫው በታች ነው። የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ግን ለምግብ የማይበቃ ሆኖ ፍጆታው ከድህነት መስመር በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ በፍጆታ መለኪያ ድሃ የሆነው በዘርፈ ብዙ መለኪያ ድሃ አይደለም።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንዱን መለኪያ ብቻ የያዘ ጽሕፈት ቤት አንደኛውን ቤተሰብ አያየውም። ለሁለቱ የሚያስፈልገው መፍትሔም ይለያያል። የመጀመሪያው የሚያስፈልገው የውኃ ተቋም፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ሲሆን፣ ሁለተኛው ገቢ፣ የኑሮ ውድነትን የሚቋቋምበት ድጋፍና ተመጣጣኝ መኖሪያ ቤት ይሻል።

ስፋትና ጥልቀት

የመለኪያው የመጨረሻ ውጤት የሁለት አሃዞች ብዜት ነው። የመጀመሪያው ምን ያህል ሕዝብ ድሃ ነው የሚለውን ስፋት፣ ሁለተኛው ድሃ የተባሉት በአማካይ በስንት በመቶ አመልካቾች ተጎድተዋል የሚለውን ጥልቀት ያሳያል።

ለአብነት 100 ነዋሪዎች ባሉበት መንደር 60ዎቹ ድሃ ቢሆኑና በአማካይ 50 በመቶ ጉዳት ቢኖርባቸው ውጤቱ 0 ነጥብ 30 ይሆናል። መንደሩ የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሮለትና መብራት ገብቶለት አማካይ ጉዳቱ ወደ 40 በመቶ ቢወርድ፣ ድሃ የሚባሉት ሰዎች ቁጥር 60 ሆኖ ቢቀጥል እንኳ ውጤቱ ወደ 0 ነጥብ 24 ዝቅ ይላል። ድሆችን በመቁጠር ብቻ የማይታየው የልማት ሥራ ውጤት በዚህ መንገድ ይመዘገባል።

በ2008 ዓ.ም መረጃ መሠረት የኢትዮጵያ ስፋት 83 ነጥብ 5 በመቶ፣ ጥልቀቱ 58 ነጥብ 5 በመቶ፣ ውጤቱም 0 ነጥብ 489 ነበር። በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አጭር የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መረጃ ደግሞ ስፋቱ 68 ነጥብ 7 በመቶ፣ ጥልቀቱ 53 ነጥብ 3 በመቶ፣ ውጤቱ 0 ነጥብ 367 ሆኖ ተሰልቷል። የኋለኛው ጥናት ከመደበኛው አጭር በመሆኑና የተሰበሰቡት መረጃዎች ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ባለመሆናቸው፣ ሁለቱን አሃዞች ማነጻጸር ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሁለቱም አሃዞች ከጦርነቱ በፊት የተወሰዱ መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በዘለቀበት ወቅት በጤና ተቋማትና በፋብሪካዎች ላይ ጉዳት ደርሷል። የ2011 ዓ.ም አሃዝን የዛሬ ሁኔታ ማሳያ አድርጎ በሪፖርት ማቅረብ በዚህ ምክንያት ተገቢ አይሆንም።

በዝርዝሩ ያልተካተተው በሬ

ዓለም አቀፉ መለኪያ የተዘጋጀው ከመቶ በላይ አገሮችን ለማወዳደር ነው። በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ኮምፒዩተር፣ በእንስሳት የሚጎተት ጋሪ፣ ብስክሌት፣ ሞተር ብስክሌት፣ ማቀዝቀዣና መኪና ይገኛሉ። የእርሻ በሬ ግን የለበትም።

በደቡብ ወሎ ገጠር የአንድ ቤተሰብ አቅም በቅድሚያ የሚገመተው በበሬው ነው። ጥንድ በሬ ያለው መሬቱን በወቅቱ ያርሳል። አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። በሬ የሌለው ግን መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጣል ወይም ተራ ጠብቆ ያርሳል። በደሴ ዙሪያ ባሉት ደጋማ አካባቢዎች በበልግ ዝናብ ለሚያመርት አርሶ አደር የሁለት ሳምንት መዘግየት ምርት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በሬው ሀብትም የጊዜ ዋስትናም ነው።

ይህን የሚያጠናክር ጥናት በዚሁ አካባቢ ተካሂዷል። ፒተር ሊትል፣ ወርቅነህ ነጋቱና ሌሎች ተመራማሪዎች በ1991 እና 1992 ዓ.ም የደረሰው ድርቅ በደቡብ ወሎና በአጎራባች አካባቢ ቤተሰቦች ላይ ያስከተለውን ለውጥ ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ በ2006 አሳትመዋል። የቤተሰቡን ሀብት በተለይም የቁም እንስሳቱን መሠረት ያደረገው ጥናት፣ ከባድ ድርቅ ቢከሰትም አጠቃላይ የድህነት መጠኑ ብዙም እንዳልተለወጠ፣ የድሃ ድሃ የሆኑት ሁኔታ በመጠኑ ቢሻሻልም ከድህነት ለመውጣት የሚያበቃ እንዳልነበረ አመልክቷል። በአማካይ አሃዝ ረገድ ምንም ያልተለወጠ የሚመስል አካባቢ በውስጡ የሚወድቁና የሚነሡ ቤተሰቦችን እንደሚይዝ ጥናቱ ያስገነዝባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በርካታ አገሮች ዓለም አቀፉን መለኪያ እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ ለራሳቸው ሁኔታ የሚስማማ ብሔራዊ መለኪያ አዘጋጅተዋል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ በ2004 ባወጣችው የማኅበራዊ ልማት ሕግ ላይ ተመሥርታ በ2009 የመጀመሪያውን ይፋዊ ዘርፈ ብዙ መለኪያ ይፋ አድርጋለች። በዚህ መለኪያ አንድ ሰው ድሃ የሚባለው ገቢው ከመስመሩ በታች ሲሆንና በተጨማሪም ቢያንስ አንድ ማኅበራዊ መብት ሲጎድልበት ነው። ገቢንና አገልግሎትን አንድ ላይ ማየቱ ልዩ ያደርገዋል።

ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ በ2011 አምስት ዘርፎችና 15 አመልካቾች ያሉት መለኪያ ሥራ ላይ አውላለች። ደቡብ አፍሪካ በ2014 ይፋ ባደረገችው መለኪያ ሥራ አጥነትን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጋ አካታለች። ጋና፣ ናይጄሪያና ኡጋንዳም ብሔራዊ መለኪያ ካዘጋጁት የአፍሪካ አገሮች መካከል ይገኙበታል። እ.ኤ.አ በ2015 የጸደቁት ዘላቂ የልማት ግቦችም በ2030 ድህነትን «በሁሉም ገጽታው» አገሮች በራሳቸው በሚሰጡት ትርጉም መሠረት ቢያንስ በግማሽ መቀነስን በዒላማነት አስቀምጠዋል።

በኢትዮጵያ ያለው የመረጃ መሠረት

በኢትዮጵያ ከገቢ ውጪ ያሉ የኑሮ ሁኔታዎችን መለካት አዲስ አይደለም። ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ ከቤተሰብ ፍጆታ ጥናቱ ጎን ለጎን ሲካሄድ የቆየው የኑሮ ደኅንነት ክትትል ጥናት የትምህርትን፣ የጤናን፣ የመኖሪያ ቤትንና እስከ አገልግሎት መስጫ ተቋማት ያለውን ርቀት ሲመዘግብ ቆይቷል።

የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ በ2018 ያወጣው ጥናት ደግሞ ዘርፈ ብዙ መለኪያን በሕፃናት ላይ ተግባራዊ አድርጓል። በጥናቱ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ከሆኑት 41 ሚሊዮን ገደማ ልጆች 36 ሚሊዮን ያህሉ ወይም 88 በመቶው ከስድስት መሠረታዊ ፍላጎቶች ቢያንስ ሦስቱ አልተሟሉላቸውም። በገጠር ድርሻው 94 በመቶ፣ በከተማ 42 በመቶ ነው።

ዋነኛው ውስንነት የጥናቶቹ ውጤት በአብዛኛው ከክልል ደረጃ በታች አለመውረዱ ነው። ናሙናው የተወሰደው አገርንና ክልልን እንዲወክል በመሆኑ፣ ከአማራ ክልል አሃዝ ተነሥቶ ስለ ቃሉ ወረዳ ወይም ስለ ደጋን መናገር አይቻልም። ወደ ታች ለመውረድ የናሙና ጥናትን ከሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ጋር ማዋሃድ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ሲሆን፣ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

በወረዳና በቀበሌ ያለው ፋይዳ

ይህ የመረጃ ክፍተት በየቀበሌው ከሚሰጡ ውሳኔዎች ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹን የሚለየው በአገር አቀፍ የድህነት መስመር ሳይሆን በማኅበረሰብ ተሳትፎ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ለሦስት ወራትና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የገጠመው ቤተሰብ በኅብረተሰቡ በተመረጠ ኮሚቴ ተለይቶ፣ በቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል በኩል ይቀርባል። መሬት፣ በሬ፣ ጉልበትና ጧሪ ያለው መሆኑም ይታያል። ኮሚቴው ስሌቱን በወረቀት ባያሰፍረውም የሚሠራው ዘርፈ ብዙ ምዘና ነው።

በከተሞች የሚካሄደው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም ሲጀመር ከተካተቱት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። በከተማ የጎረቤትን ኑሮ ማወቅ እንደ ገጠሩ ቀላል ባለመሆኑ ልየታው ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። በሬና መሬት መቁጠር በማይቻልበት አካባቢ የቤት ሁኔታ፣ የጥገኞች ቁጥርና የገቢ ምንጭ ሚዛን ይደፋሉ።

ከዚህ አኳያ በየደረጃው ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ሦስት ነጥቦችን ልብ ቢሉ ይጠቅማል። የመጀመሪያው አሃዝ ሲጠቀስ መለኪያውንና ዓመቱን አብሮ መጥቀስ ነው። 23 ነጥብ 5 እና 83 ነጥብ 5 በአንድ ሠንጠረዥ ያለ ማብራሪያ ከቀረቡ ውሳኔ ሰጪውን ያሳስታሉ። ሁለተኛው ውጤቱን በየአመልካቹ ዘርዝሮ ማየት ነው። አንድ ወረዳ ድሃ ነው ማለት ለየትኛውም ጽሕፈት ቤት የሥራ ድርሻ አይሰጥም። ችግሩ የውኃ ነው ወይስ የትምህርት የሚለው ሲለይ ግን ተጠያቂው መሥሪያ ቤት ይታወቃል። ሦስተኛው ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና የውኃ ጽሕፈት ቤቱ በየራሳቸው የሚይዙትን መዝገብ በቀበሌ ደረጃ ማገናኘት ነው። መረጃው በአብዛኛው ይሰበሰባል፤ ነገር ግን በአንድ ቤተሰብ ላይ የተደራረቡ ጉዳቶችን ለማየት በሚያስችል መንገድ አይቀናጅም።

የዘርፈ ብዙ መለኪያ ዋና ፍሬ ነገርም መደራረቡን ማየት ነው። በአንድ ወረዳ 40 በመቶው ሕዝብ ንጹሕ ውኃ ባያገኝ፣ 40 በመቶው መብራት ባይኖረው፣ 40 በመቶው ልጆቹን ባያስተምር፣ እነዚህ አሃዞች ጉዳቱ በተለያዩ ቤተሰቦች ላይ የተበተነ ወይም በአንዶቹ ላይ ብቻ የተከመረ መሆኑን አይናገሩም። ሁሉም የተከመረበት ቤተሰብ ቀድሞ ሊደረስለት የሚገባው ነው። በወሎ በ1966 ዓ.ም የታየው ጥፋት እንደሚያስገነዝበው፣ በመለኪያ ያልታየ ችግር በገበያም በሪፖርትም ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ በቤተሰቡ ላይ ግን ሳይደርስ አይቀርም።